ስልሳ ሦስት እርምጃ

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የኔአለም ከግድግዳው ማዶ ስሟ ሲነሣ ሰማች። ወንድሟ መሳፍንት እየጠራት መስሏት ልትነሣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። የሚያወራው ግን ከሚስቱ ጋር ነበር። የሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ኮምፔርሳቶ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወገን ሰው ሲገላበጥ እንኳ ወደዚህ ይሰማል። «የኔአለም ትቆይ» አለ መሳፍንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በየቤቱ ሰው መገኘት አለበት ተብሏል። እሷ ልጅ የላት፣ ባል የላት፤ ምን የምታጣው አላት?» ሚስቱ አሰገደች «አባባስ?» አለች። «አባባማ ከዚያ ከባቡሩ ጠረጴዛ መች ይነቀላል» አለ። ከዚያ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ፤ አንዱ ልጅ በእንቅልፍ ልቡ ሲነጫነጭ፣ እናቱ እሹሩሩ ስትል ተሰማ። የኔአለም ብርድ ልብሱን መልሳ እስከ አገጭዋ ሳበችው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ትዳሯን ትታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም ስለ እሷ እንዲህ አጥርቶ ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

በዋዜማው ማታ ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕ ሰፈሩን ሁለቴ ዞራው ነበር። ነገ በዚህ ቀበሌ ፍተሻ አለ፤ በየቤቱ አዋቂ ሰው ይገኝ፤ ተዘግቶ የተገኘ በር ይሰበራል፤ መሣሪያም ሆነ የመገናኛ ዕቃ ደብቆ የተገኘ ይጠየቅበታል። በዚያ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው የሚያወራው ሹክ እያለ ነበር። ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፏል፤ መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሰማይ ላይ አንድ ነገር እምም ካለ እናቶች ልጆቻቸውን ከግቢ ያስገባሉ። ባለፈው ሳምንት ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለ አንድ ዲሽ ሠሪ የዲሽ ማስተካከያውን ይዞ ጣራ ላይ ሳለ አውርደው ወስደውታል። ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም፤ ጣራ ላይ ምን እንደያዘ ግን ሁሉም አይቷል።

መሳፍንት ሲወጣ ልጆቹን በነጠላ ሸፋፍኖ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሯ ላይ ቆመ። ዓይኗን አላያትም፤ የሚያየው የበሩን ማጠፊያ ነበር። «አማቶቼ ዘንድ ደርሰን እስከ ማታ እንመለሳለን» አለ። «ያን ዕቃ ሽንት ቤት ጨምሪው። ሪሞቱን ነው የምልሽ። ሲያዩት ምን ይመስላቸዋል?» «እሺ» አለችው። አሰገደች አንገቷን አቅርባ ሳመቻትና ጉንጯን ከጉንጯ ሳትለይ ትንሽ ቆየች። የግቢው በር ሲዘጋ አሥራ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው።

አባቷ ጋሽ ፍሥሐ ነቅተው ነበር። ጓሮውን በሚያየው ክፍል፣ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የክፍሉን ግማሽ የያዘው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከጣውላና ከቆርቆሮ የሠሩት ሀዲድ ተዘርግቷል፤ ዞሮ የሚገጥም፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጣቢያ ያለው። ጎታቹንና ሁለቱን ፉርጎዎች ሪሞቱን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ ደጀን ላይ አድሮ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ያንን ጠረጴዛ በጋሪ አስጭነው ወደ ትምህርት ቤት ይወስዱት ነበር፤ ማርቆስ ባቡር አይታ አታውቅም፣ ልጆቿ ግን ጉልበትንና ፍጥነትን በባቡር ተምረዋል። ሪሞቱ መዳፍ የሚሞላ ጥቁር ሳጥን ነው፤ አራት ቁልፍ አለው፣ አንዱ ቀይ ነው፤ ከራሱ ላይ እየተሳበ የሚረዝም አንቴና አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት የመሳፍንት ትንሹ ልጅ ከጣለው ወዲህ አልሠራም ብሏል። አሁን ተፈትቶ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቷል።

«መሳፍንት ጣይው ብሎኛል፣ አባባ።»

«መሳፍንት የት አለ?»

«ሄዷል።»

«ልጆቹንም ይዞ?»

«አዎ።»

ጋሽ ፍሥሐ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ሲጠርጉ ቆዩ፤ ከጠራም በኋላ አላቆሙም። «ደግ አደረገ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ፍተሻ ማየት የለበትም።» ከዚያ መነጽሩን መልሰው አድርገው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ዘረጉ። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ባቡር ያውቀዋል አሉ፤ ባቡሩን ያየ ማዘዣው የታለ ይላል፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው ቢባል፣ የተጣለ ዕቃ ሁሉ መሣሪያ ነው። እንዲህ ተፈትቶ ሽቦው ተንዠርግጎ ቢያገኙትም ያው ነው። «የማይሠራ ከሆነ ሽቦ ያለበት ጥቁር ሳጥን ነው፤ ማንም የፈለገውን ይለዋል። ከሠራ ግን መጫወቻ ነው። ዓይናቸው እያየ ባቡሩ ይሄዳል፣ አለቀ። ሳይመጡ መሥራት አለበት።» የኔአለም ሪሞቱን ለመጣል ስትል ከመኝታዋ ተነሥታ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ልክ መሰላት። የአባቷ ነገር ሁልጊዜ ልክ ይመስል ነበር።

መብራት የለም። መበየጃ ብረቱ የኤሌክትሪክ ስለሆነ እንዲሁ ተኝቷል። ስለዚህ የኔአለም በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠለች፤ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ዘጠኝ መቶ ብር በገባበት ጊዜ ለምሳ ያስቀመጠችውን ነው። ጋሽ ፍሥሐ የወፍራም ሚስማር ጫፍ በሞረድ አሹለው፣ በጉጠት ይዘው ፍሙ ውስጥ ቀበሩት። ሚስማሩ እስኪግል የሪሞቱን ውስጥ ይመረምራሉ። የሬዲዮ ድንጋዩ ፈስሶ ኖሮ ሞላዎቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ከቁልፎቹ ሥር ያለው ጥቁር ላስቲክ አልቋል። ወደ አንቴናው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ሲወድቅ ከሥሩ ተበጥሷል። «ሦስት በሽታ» አሉ። «አንዱ ብቻ ቢሆን ተንፏቆም ይሠራ ነበር።» እሷ የምትሰማው ግን የውሻ ጩኸት ነው። ውሾቹ ከላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል፣ አንድ ግቢ ጸጥ ሲል ሌላው እየተቀበለ ይጮኻሉ። ፍተሻው የት እንደደረሰ በውሾቹ ይታወቃል።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በአጥሩ ቀዳዳ ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። ቆርቆሮ አጥሩ አንድ ቦታ ተገንጥሎ፣ ዕቃ መበዳደሪያ መስኮት ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

«ጋሽ ፍሥሐ፣ ዛሬ ባቡሩ ወዴት ነው? እኔን ሉማሜ ያድርሰኝ እስቲ፣ አውቶቡስ እንደሆነ ቀርቷል።»

«ትኬት ቆርጠሻል?»

«በዱቤ ነዋ።»

«መንግሥት ባቡር ላይ ዱቤ የለም» አሉ ጋሽ ፍሥሐ ቀና ሳይሉ። «ይልቅ ካቲካላ ካለሽ አንድ ስኒ ላኪልኝ።»

«በነቢያት ጾም! የኔአለም፣ አባትሽን ያዢ እንጂ።»

«ሊጠጣው አይደለም፣ እትዬ» አለች የኔአለም። «ዝገት ሊያጥብበት ነው።»

«ተይኝ እባክሽ፤ የኔም ባል የሆዴን ዝገት ነው ይል ነበር።» ሳቁ። ስኒውን በቀዳዳው ሲያቀብሏት ግን ሳቁ ከፊታቸው ወርዶ ነበር፤ እጇን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። ወፍጮ ቤቱን ጨርሰው ወደዚህ መውረድ ጀምረዋል፤ አንድ ቤት ውስጥ ፍራሽ ቀደዋል፤ ከፊት ያለው አለቃቸው ሲጠይቅ እንጂ ሲመልሱለት አይሰማም አሉ። «ያን ጉድ ከፊታቸው አንሡት፣ ልጄ» አሉ ወደ ጠረጴዛው በአገጫቸው እያመለከቱ። የኔአለም አባቷ የነገሯትን ደገመችላቸው፤ ከሠራ መጫወቻ ነው አለቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጥቂት አሰቡበትና «እንግዲህ የተማረው እሱ ነው» ብለው ራሳቸውን ከቀዳዳው መለሱ።

እስከ ስድስት ሰዓት ምንም የማይባል ሥራ ይመስል ነበር፤ ግን ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ነበር። ጋሽ ፍሥሐ በካቲካላ የተነከረ ጥጥ በስንጥር ጠቅልለው ሞላዎቹን አንድ በአንድ አሹ፤ ክፍሉ ድግስ ያደረበት ቤት ሸተተ። ከሲጋራ ወረቀት ላይ የብር ልባሱን ልጠው፣ አራት ምስር የሚያህሉ ክቦች ቆርጠው፣ ከቁልፎቹ ሥር አጣበቁ፤ የፈሰሰውን ድንጋይ ጥለው የሬዲዮናቸውን ገጠሙ። ሽቦውን ሲበይዱ እሷ ማጉያ መነጽሩን ያዘችላቸው። የጋለው ሚስማር የብየዳውን እርሳስ ሲነካው ትንሽ ጭስ ወጣ፤ እርሳሱ ሌላ ቦታ ተንጠባጠበ። «ቀዘቀዘብኝ» አሉ። ሚስማሩን መልሳ አጋለችው። አራት ጊዜ ወጣች፣ አራት ጊዜ ገባች። ከበረንዳው ስትመለስ በየጊዜው ወደ ሰማይ ታያለች፤ ከዚያ ወደ ግቢው በር።  በአራተኛው ሽቦው ያዘ። ቴስተሩን ሲያስነኩት መርፌው ተነሣ፤ ጋሽ ፍሥሐም «ተመስገን» አሉ፤ ለመርፌው ይሁን ለፈጣሪ አይታወቅም።

መጀመሪያ ሲሞክሩት ባቡሩ ዝም አለ። ሁለተኛ ሲሞክሩት ወደ ኋላ ዘለለና ቆመ። የኔአለም ከሀዲዱ አጠገብ ቆማለች፤ ውሾቹ አሁን ከታችኛው መንገድ ነው የሚጮኹት። ጋሽ ፍሥሐ ክዳኑን ከፍተው አንዱን የብር ክብ በጥፍራቸው ገፋ አደረጉትና ዘጉት። ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። ጎታቹ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለቱን ፉርጎ ጎተተ፣ ድልድዩን ወጣ፣ ጣቢያው ፊት ደረሰ፣ አለፈ። ሦስት ጊዜ ዞረ። የኔአለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊሄድባት ሲል ዋጠችው። አሁን በቃ፣ ይምጡ አለች በልቧ።

አባቷ ግን አልበቃቸውም። ተማሪ ሳለች ጀምሮ የምታውቀው ነው፤ አንድ ነገር ሠርቶ ልኩን ያላወቀ ሰው አልሠራውም ይሉ ነበር። «ያዢው» አሉ ሪሞቱን እየሰጧት። «አንቴናውን እስከ ጫፉ ሳቢና ወደ ጓሮ ውጪ። በየአምስት እርምጃው ተጫኚ። እኔ ከዚህ ሆኜ ሄደ፣ ቆመ እያልሁ እነግርሻለሁ።»

«አባባ፣ ሰው ቢያየኝስ?»

«በግቢሽ ውስጥ አይደለሽ?»

አንቴና የረዘመበት ጥቁር ሳጥን ይዛ፣ በቀትር፣ ሜዳ ላይ ወጣች። ያን ያህል የተራቆተች መስሎ ተሰምቷት አያውቅም። ነጠላዋን በላዩ ጣል ልታደርግ አሰበችና ተወችው፤ ሸፍና ቢያዩአት የባሰ ነው። አምስት እርምጃ፤ ተጫነች፤ «ሄደ» አሉ ከመስኮቱ። አሥር። ሃያ፤ የሽንት ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ከዚህ ውስጥ ይህን ዕቃ ልትጥል እንደነበር ትዝ አላት። ጉድጓዱ ክፍት ነው፣ እጇም ላይ ነው፣ አንድ አፍታ ነው። «ምን ቆመሻል?» አሉ አባቷ። ቀጠለች። አርባ። ሃምሳ። ከባሕር ዛፎቹ አልፋ ከጓሮው አጥር ስትደርስ ስልሳ ሦስት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ መሄጃ የለም። ተጫነች። ድምፃቸው ከሩቅ፣ ቀጥኖ፣ ግን ደስ ብሎት መጣ፤ «ሄደ!» ስትመለስ ስንት እንደሆነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። «ስልሳ ሦስት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሲጋራ ወረቀት!»

ፈታሾቹ የመጡት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አራት ነበሩ። ሁለቱ ግቢውን ያዙ፣ አለቃቸው የመሳፍንትን ክፍል ገባ፣ አንድ ወጣት ወደ ጓሮው ክፍል መጣ። ጋሽ ፍሥሐ ተነሥተው ቆሙና «ቤት ለእንግዳ» አሉት። ወጣቱ አልጋውን አነሣ፣ የመጻሕፍቱን ካርቶን ገለበጠ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዓይኑ ዐረፈ። «ባቡር ነው?» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ዕድሜው ቀነሰ። ጋሽ ፍሥሐ ቀዩን ቁልፍ ተጫኑለት። የኔአለም ግድግዳው ላይ ተጣብቃ የልጁን ፊት ታያለች፤ ባቡሩ ድልድዩን ሲወጣ የልጁ ከንፈር አብሮ ወጣ። «እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አባት» አለ። «አያቴ ባቡር ላይ ነው የሠራው። ይሄኛው ፊሽካ የለውም እንጂ።» «አንተ ንፋለት» ብለው ጋሽ ፍሥሐ ሪሞቱን ሰጡት። ልጁ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ ሪሞቱን ተቀበለ፤ ተጫነ፤ ከንፈሩን ሰብስቦ ቀስ ብሎ አፏጨ። የኔአለም ከግድግዳው ተላቀቀች። ልክ ነበሩ፤ አባባ ልክ ነበሩ።

አለቃቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላዩትም። እሱ ያየው የራሱን ሰው ነው፤ አንቴና ያለው ሳጥን ይዞ ሲያፏጭ።

«ምንድን ነው የያዝኸው?»

«የልጆች ባቡር ነው፣ አለቃ።»

አለቃው ሪሞቱን ወሰደው። በመዳፉ መዘነው፣ ገለበጠው፣ አዲሱን ብየዳ በክዳኑ ስንጥቅ አየው። ራሱ ቁልፉን ተጫነ፤ ባቡሩ ሄደ፤ ለቀቀው፤ ቆመ። ደግሞ ተጫነ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። «ሽቦ የለውም?» አለ።

«የለውም» አሉ ጋሽ ፍሥሐ፤ ጥሩ ጥያቄ እንደጠየቀ ተማሪ ተመለከቱት። «በአየር ነው የሚታዘዘው።»

«ከስንት ርቀት?»

የኔአለም የዚያን ጊዜ ገባት። የሚሠራ ከሆነ መጫወቻ ነው ብለው ነበር የተማመኑት፤ ይህ ሰው ግን ባቡሩን እያየ አይደለም። የሚያየው ከእጁ ወጥቶ ያለ ሽቦ ሄዶ የሚያዘውን ነገር ነው። አባቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደመቻቸው። «ከክፍሉ አይወጣም» አለች። «ከዚህ እስከዚያ ነው። የልጅ ዕቃ ነው።»

ጋሽ ፍሥሐ ወደ እሷ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቦርድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ያዩ ነው የመሰሉት። «ኧረ የኔአለም» አሉ። «ስልሳ ሦስት እርምጃ ብለሽኝ የለም? አሁን ከሰዓታት በፊት?» ከዚያ ወደ አለቃው። «እርምጃዋን ሰባ ሳንቲሜትር ብንለው አርባ አራት ሜትር ይሆናል። አጥሩ ባይከለክላት ከዚያም ያልፍ ነበር። አንቴናው ቢረዝም ደግሞ ይጨምራል።»

 የድሬዳዋው ልጅ መሬት መሬት አየ። አለቃው ዓይኑን ከሽማግሌው አንሥቶ የኔአለም ላይ አደረገ፤ አሁን ነው የደነገጠችው። «ለምን ዋሸሽ?» አላት።  ፈርቼ ነው ብትል ምን ያስፈራሻል ይላታል። «ማን ነው የሠራው?» አለ ወደ አባቷ። «እኔ።» «መቼ?» «ዛሬ ጠዋት።» «ዛሬ? ፍተሻ መኖሩን እያወቅህ?» የማያውቃቸው ሰው አንተ ሲላቸው ጋሽ ፍሥሐ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ስለማውቅ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ለጥያቄ ነው አሏት፤ አሁን ይመለሳሉ። ጫማቸውን እንዲያስሩ ጊዜ ሰጧቸው። የኔአለም ተንበርክካ አሰረችላቸው፤ ማሰሪያው ከእጇ እየሾለከ ሦስት ጊዜ ፈታ አሰረችው። ጋሽ ፍሥሐ በራሷ ላይ ሆነው «ከሰሉን አጥፊው፣ አይባክን» አሏት። አለቃው ሪሞቱን ኪሱ ከተተ፤ ልጁ ጎታቹን በፌስታል አድርጎ ይዞ ከኋላ ተከተለ፤ ፉርጎዎቹን ሀዲዱ ላይ ተዋቸው። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በአጥሩ ቀዳዳ ነበሩ። ጋሽ ፍሥሐ ሲያልፉ «ደኅና ዋይ» አሏቸው፤ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

መሳፍንት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተመለሰ። ሰፈር ውስጥ ሲገባ ሰምቷል። በሩ ላይ ቆሞ «አልጣልሽውም?» አላት። «አልጣልሁትም» አለችው። ጠዋት በኮምፔርሳቶው የሰማችውን ልትነግረው ትችል ነበር። ውሸቷንም ልትነግረው ትችል ነበር፤ ባትዋሽ ኖሮ አለቃው ምናልባት ቁጥሩን እንደ ቁጥር ይሰማው ነበር፤ እሷ ስትደብቀው ነው ምስጢር የሆነው። ሁለቱንም አልነገረችውም። አሰገደች ሽሮ ሠርታ አቀረበች፤ ልጆቹ በሉ፤ ትልልቆቹ ቁራሽ ይዘው አንዳቸው የሌላውን እጅ ሲያዩ ቆዩ። ትንሹ ልጅ አያቱን ፈልጎ «አያያ የት ሄደ?» አለ። አሰገደች አጎረሰችው።

ለጋሽ ፍሥሐ የኔአለም ወደታሰሩበት በየቀኑ ስንቅ አመላለሰችላቸው፤ የምትሰጠው ለዘበኛው ነው፣ ባዶው ሳህን ይመለስላታል። በሃያ ሁለተኛው ቀን ተለቀቁ። የተከሰሱበት ነገር አልነበረም። ሲመጡ ሳል ይዟቸው ነበር፤ ሳሉ ሳይለቃቸው የካቲት ስድስት ቀን ጠዋት አረፉ፣ በማግስቱም አብማ ማርያም ተቀበሩ።